መብራት ሄዶ ሲመጣ ኤስኤስኤች ለምን እምቢ ይላል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ላሳጥረው። ድሬዳዋ ሳቢያን፣ ቤታችሁ ጓዳ ውስጥ ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት ነው) የተጫነበት አሮጌ ዴስክቶፕ አለ። የፎቶና የፋይል ማስቀመጫ አድርገሽዋል። ሳሎን ሆነሽ ከላፕቶፑ በኤስኤስኤች፣ ማለትም ሌላ ኮምፒውተርን በኔትወርክ ከርቀት በትእዛዝ በሚያሠራው መንገድ፣ ትገቢበት ነበር። መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ ግን «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ይላል። ፒንግ ስታደርጊው፣ «አለህ ወይ?» ብለሽ ስትጠይቂው ማለት ነው፣ ደግሞ ይመልሳል። አንድ ወዳጅሽ ኡቡንቱን እንደ አዲስ ጫኚው ብሎሻል። አቦ እሱን ተዪው! ኡቡንቱው ምን አደረገ?

እኔም እዚሁ ድሬ ነኝ። ቤት ያሉትን ኮምፒውተሮች በኤስኤስኤች አገናኝቼ ነው የምሰራው። ስለዚህ ከመብራት ጋር የሚመጣውን ጣጣ አውቀዋለሁ። ትእዛዞቹን እንደ አነባበባቸው እጽፋቸዋለሁ፤ ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ያው በላቲን፣ «ትልቁ» ካላልኩሽ በትንንሽ ፊደል ነው የምትጽፊያቸው።

መጀመሪያ መልእክቱን እመኚው። «ሪፊውዝድ» ጥሩ ዜና ነው። በር አንኳኩተሽ ከውስጥ «እዚህ የሉም» የሚል ድምፅ እንደ መስማት ነው። መንገዱ ደህና ነው፤ የመለሰልሽ አለ። የጎደለው ፖርት 22 (የኤስኤስኤች የተለመደው በር) ላይ ሆኖ የሚያዳምጥ ፕሮግራም ነው። ግን ልብ በይ፤ የመለሰልሽ የግድ ያንቺ ዴስክቶፕ አይደለም። በዚያ አድራሻ ላይ ያለ የሆነ ዕቃ ነው።

ጥርጣሬዬ እዚህ ላይ ነው። አይፒ አድራሻ፣ ማለትም እያንዳንዱ ዕቃ ኔትወርኩ ላይ የሚጠራበትን ቁጥር፣ የሚያድለው ሞደሙ ነው። ብዙ የቤት ሞደሞች ለማን የትኛውን እንደሰጡ የሚያስታውሱት እስካልጠፉ ድረስ ብቻ ነው። መብራት ሲመጣ ሞደሙ ከባዶ ይጀምራል። ስልኮች ባትሪ ስላላቸው ነቅተው ይጠብቁታል፤ ወዲያው ይገናኛሉ። ዴስክቶፑ ገና እየተነሳ ነው። ትናንት የዴስክቶፑ የነበረው 192.168.1.5 ዛሬ የወንድምሽ ስልክ ሊሆን ይችላል። ፒንጉን የሚመልስልሽ ስልኩ ነው ማለት ነው! ስልክ ላይ ደግሞ ኤስኤስኤች የሚቀበል የለም። ስለዚህ «ሪፊውዝድ»።

ለማረጋገጥ ዴስክቶፑ ላይ ስክሪን ሰክተሽ «አይፒ ኤ» ብለሽ ጻፊና አድራሻውን እዪ። ስክሪን ከሌለሽ በላፕቶፑ ብራውዘር የሞደሙን ገጽ ክፈቺና የተገናኙትን ዕቃዎች ዝርዝር ተመልከቺ። አድራሻው ተቀይሮ ከሆነ በአዲሱ ግቢ፤ አለቀ። መብራት በሄደ ቁጥር እንዳትቸገሪ ግን ሞደሙ ውስጥ ዲኤችሲፒ ሪዘርቬሽን የሚለውን ፈልጊና (ዲኤችሲፒ አድራሻ የሚያድለው ክፍል ነው) ለዴስክቶፑ ማክ አድራሻ፣ ማለትም ለኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር፣ አንድ አይፒ አስይዢለት። የኬብሉና የዋይፋዩ ማክ አድራሻ እንደሚለያይ አትርሺ። የምትጠቀሚበትን ነው የምታስገቢው። በስም መጥራትም ይቻላል። የኮምፒውተሩን ስም ጽፈሽ «ዶት ሎካል» ጨምሪበት፤ ኡቡንቱ ዴስክቶፕ ላይ አቫሂ የሚባለው አገልግሎት ያገኝልሻል። እኔ ሪዘርቬሽኑን እመርጣለሁ። ስሙ አንዳንድ ዋይፋይ ላይ ሲያሻው ይሰራል፣ ሲያሻው ይተኛል።

አድራሻው ያው ከሆነስ? ያኔ ጉዳዩ ዴስክቶፑ ውስጥ ነው። «ሱዶ ኤስኤስ ሰረዝ ቲኤልኤንፒ» ብለሽ እዪ። ዝርዝሩ ውስጥ 22 ከሌለ የሚያዳምጥ የለም። የኤስኤስኤች አገልግሎቱ ሲስተምሲቲኤል (አገልግሎቶችን የሚያስተዳድረው ትእዛዝ) ላይ «ኢኔብል» ካልተደረገ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ አይነሳም፤ ከመብራት በፊት በእጅ አስነስተሽው ከነበረ ጉድሽ አሁን ነው የሚታየው። ከኡቡንቱ 22.10 ወዲህ ደግሞ የሚያዳምጠው «ኤስኤስኤች ዶት ሶኬት» ነው፤ አገልግሎቱን የሚቀሰቅሰው ሰው ሲመጣ ነው። ስለዚህ አገልግሎቱ «ኢንአክቲቭ» ቢልሽ አትደንግጪ፤ ሶኬቱን እዪ።

ሌላም ተንኮል አለ። ኤስኤስኤችዲ ኮንፊግ የሚባለውን የአገልግሎቱን ማስተካከያ ፋይል ከዚህ በፊት ነካክተሽው ታውቂያለሽ? አገልግሎቱ ዳግም እስኪነሳ ድረስ ለውጡን አያየውም። መብራት ሲሄድ ግን በግድ ዳግም ይነሳል። ያኔ ያጎደልሽው ፊደል ወይም የቀየርሽው ፖርት ዛሬ ሂሳቡን ይጠይቅሻል። «ሱዶ ኤስኤስኤችዲ ሰረዝ ቲ» በይ። ዝም ካለ ፋይሉ ደህና ነው፤ ካልሆነ የተሳሳተውን መስመር ቁጥሩን ጠርቶ ይነግርሻል።

ተመሳሳይ ችግር ያለባችሁ ሌሎቻችሁም «አይገባም» ብቻ እያላችሁ አትጻፉ። ምን ብሎ ነው ያልገባው? ኡቡንቱ ዴስክቶፕ አዲስ የጫነ ሰው «ሪፊውዝድ» ካለው ኦፕንኤስኤስኤች ሰርቨርን (የሚገባውን ተቀባዩን ፕሮግራም) መጀመሪያ ይጫን። ከኡቡንቱ ጋር አብሮ የሚመጣው ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግቢያው ብቻ ነው።

ብዙ ጠብቆ «ታይምድ አውት» የሚል ከሆነ ሌላ ታሪክ ነው። አንዱ ተጠርጣሪ ፋየርዎል ነው። ዩኤፍደብሊው (የኡቡንቱ ፋየርዎል) ተከፍቶ ኤስኤስኤች ካልተፈቀደለት የመጣውን ዝም ብሎ ይጥለዋል፤ መልስ እንኳ አይሰጥም። «ሱዶ ዩኤፍደብሊው አላው ኤስኤስኤች» ይፈታዋል።

ሁለተኛው ድሬ ላይ በብዛት የማየው ነው፦ ሁለት ራውተር። የከዚራ የድሮ ቤቶች ግድግዳ ወፍራም ነው፤ ዋይፋይ አያሳልፍም። ሰው ከአሸዋ ገበያ ተጨማሪ ራውተር ገዝቶ ከሞደሙ የመጣውን ኬብል ዋን (WAN) የሚለው ቀዳዳ ላይ ይሰካዋል። ኢንተርኔት ይሰራል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። ግን ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ክፍል 192.168.1 ብሎ ይጀምራል፣ ሌላው 192.168.0። ምልክቱ ይህ ነው፦ ከሁለተኛው ራውተር ወደ ሞደሙ በኩል ኤስኤስኤች ይሄዳል፣ በተቃራኒው ግን እምቢ ይላል። መፍትሔው ራውተሩን አክሰስ ፖይንት (የሞደሙን ኔትወርክ በዋይፋይ ማስተላለፊያ ብቻ) ማድረግ ነው። ያ ምርጫ ከሌለው የራሱን ዲኤችሲፒ አጥፍታችሁ፣ አድራሻው ከሞደሙ ጋር እንዳይጋጭ አድርጋችሁ፣ ኬብሉን ዋን ላይ ሳይሆን ላን (LAN) ቀዳዳ ላይ ሰኩት። የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ከሆናችሁም ዕቃዎቹ እርስ በርስ እንዳይተያዩ ሆን ተብሎ ይከለከላሉ።

«ኖ ሩት ቱ ሆስት» ቤት ውስጥ ሲመጣ ብዙ ጊዜ በዚያ አድራሻ ላይ ማንም የለም ማለት ነው። ዴስክቶፑ ተነስቷል ወይ? ብዙዎቹ መብራት ሲመለስ ራሳቸው አይነሱም። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው መሠረታዊ ማስተካከያ) ውስጥ ኃይል ሲመለስ እንዲነሳ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ ድሬ ላይ ለሚኖር ሰው ግዴታ ነው። ዲስኩ ኢንክሪፕት ከተደረገ ደግሞ ፓስወርዱን ስክሪኑ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ኔትወርክ ላይ አይወጣም። ዋይፋዩ ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ ተቀምጦ ከሆነም ያ ሰው ሎግኢን እስኪያደርግ አይገናኝም። ኔትወርክ ሴቲንጉ ውስጥ ለሌሎች ተጠቃሚዎችም ክፍት አድርጉት። ኬብል ካላችሁ ግን ዋይፋይን ተዉት።

«ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለ ሞደሙን አትንኩ፤ ኔትወርኩ ሥራውን ጨርሷል። የተጠቃሚ ስሙን እዩ፤ ካልጻፋችሁት ላፕቶፑ ላይ የገባችሁበትን የተጠቃሚ ስም ነው ይዞ የሚሄደው። በፓስወርድ ፈንታ በቁልፍ ፋይል የምትገቡ ከሆነ ዴስክቶፑ ላይ የ«ዶት ኤስኤስኤች» ፎልደር ፈቃድ 700፣ የ«ኦቶራይዝድ ኪስ» ፋይል ፈቃድ 600 ይሁን፤ ባለቤቱ ብቻ ይክፈተው ማለት ነው።

እህቴ፣ አድራሻው ተቀይሮ በአዲሱ ስትገቢ የማንነት ማስጠንቀቂያ በትልልቅ ፊደል ቢመጣብሽ፣ ቀድሞ ያ አድራሻ የሌላ ሊኑክስ ማሽን ነበር ማለት ሊሆን ይችላል። ዴስክቶፑ ጋ ሄደሽ የማሽኑን ቁልፍ አሻራ (ማሽኑን የሚለየውን ኮድ) ላፕቶፑ ካሳየሽ ጋር አመሳክሪ። ከገጠመ «ኤስኤስኤች ኪጄን ሰረዝ ትልቁ አር» ብለሽ አድራሻውን ጨምሪና የድሮውን መዝገብ አጥፊው። ሳታዪ አታጥፊ። ሞደሙ ላይ ፖርት ወደ ውጭ ክፈቺ የሚልሽ ካለም አትስሚው፤ ከሳሎን ወደ ጓዳ ለመግባት አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ አይተሽ ካልሆነ ከላፕቶፑ «ኤስኤስኤች ሰረዝ ቪ» ብለሽ ሞክሪና የወጣውን የመጨረሻ መስመሮች እዚሁ ለጥፊልን። የ«አይፒ ኤ»ውንም ከሁለቱም ኮምፒውተር ጨምሪበት።