የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አራተኛ ፎቅ ላይ የቀሩት አባት

ጥያቄ፦ አባቴ የ69 ዓመት ሰው ናቸው። በመምህርነት አገልግለው በ60 ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። ከዚያ በኋላም አራት ኪሎ አካባቢ በነበረው ቤታችን ሳለን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስመው፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ቡና ጠጥተው፣ ጋዜጣ ይዘው ለምሳ ይመለሱ ነበር። የዕድራቸውም ጸሐፊ ነበሩ። ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ከከተማው ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ገባን። ከገባንበት ጊዜ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣሉ። ሐኪማቸው ለደም ግፊታቸው መድኃኒት አዝዞ «በእግርዎ ይንቀሳቀሱ» ብሏቸዋል፤ እኛም በየቀኑ እንለምናቸዋለን። እሳቸው ግን «ደከመኝ» ይላሉ። ስንፍና ነው ወይስ እርጅና? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ስንፍና ወይም እርጅና ነው የሚያሰኝ ነገር በደብዳቤዎ ውስጥ አላገኘሁም። አባትዎ ጡረታ ከወጡ በኋላ ለዓመታት በየጠዋቱ ከቤት ይወጡ እንደነበር እርስዎ ራስዎ ጽፈዋል። ያስቀራቸው ዕድሜ ቢሆን ኖሮ ቀስ በቀስ ያዳክማቸው ነበር እንጂ ቤት በለወጡበት ሰሞን ድንገት አያስቆማቸውም። የተለወጠው ደረጃው፣ ሰፈሩና በዙሪያቸው ያለው ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ እርጅናና ጤና ባወጣው ሪፖርት፣ አንድ አረጋዊ ሊያደርግ የሚችለውን ነገር የሚወስኑት የአካሉና የአእምሮው አቅም፣ የሚኖርበት አካባቢ፣ እንዲሁም የሁለቱ መጣጣም መሆናቸውን አስቀምጧል። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 በማድሪድ ለተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የእርጅና ጉባኤ ባዘጋጀው ሰነድም ከግል ልማድ ጎን ለጎን ቤትንና መንገድን፣ ገቢን፣ ቤተሰብንና ጎረቤትን፣ የሕክምና አገልግሎትንም አብሮ ቆጥሯል። የሐኪሙ ምክር ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከእነዚህ መካከል አንዱን ብቻ ነክቶ የቀረውን ሁሉ ለአባትዎ ወኔ ይተወዋል።

ከአካላቸው እንጀምር። «ደከመኝ» የሚለውን ቃል እንደ ሰበብ ሳይሆን እንደ ሕመም ምልክት አድርጋችሁ ብትሰሙት ይሻላል። የደም ማነስ፣ ስኳር፣ የልብ ድካም፣ የጉልበት ሕመምና ድባቴ በዚህ ዕድሜ ሁሉም «ደከመኝ» በሚል አንድ ቃል ይነገራሉ፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ የግፊቱን ቁጥር ብቻ አይቶ እንዳይሸኛቸው አብረዋቸው ገብተው ይንገሩት። መድኃኒታቸው ሽንት የሚያበዛ ዓይነት መሆኑንም ይጠይቁ። የሕዝብ መጸዳጃ እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ በየሰዓቱ ሽንት የሚመጣበት ሰው ለመውጣት ቢያመነታ አያስገርምም፤ ይህንንም ለልጆቹ አፍ አውጥቶ የሚናገር አባት ጥቂት ነው። መድኃኒቱ የሚወሰድበትን ሰዓት ሐኪሙ ሊያስተካክለው ይችል ይሆናል፤ በራሳችሁ ግን አትለውጡት።

ዓይናቸውንም አስመርምሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደ ጥናት በኢትዮጵያ ከታየው ዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የመጣው በሞራ ግርዶሽ ነበር፤ ይህም በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚስተካከል ነው። ሞራ መጋረድ የጀመረው ሰው ገና ሳይታወር የደረጃውን ጠርዝ መለየት ይቸግረዋል፤ በተለይም ሲወርድ። ጉልበትም ቢሆን ብዙ ጊዜ ደረጃ ሲወርዱ ያምማል። ከአራተኛ ፎቅ የሚወጣ ሰው ደግሞ ጉዞውን የሚጀምረው በመውረድ ነው።

ስለዚህ ቤቱና ደረጃው ለእኔ ከስፖርቱ ይቀድማሉ። በደረጃው ላይ አምፖል የሚበራ መሆኑን፣ መደገፊያው የማይነቃነቅ መሆኑን እዩ፤ ከሌለም ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ገንዘብ አዋጥታችሁ አሠሩ። የእርስዎ አባት በሕንፃው ውስጥ ብቸኛው ሽማግሌ እንደማይሆኑ እገምታለሁ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ የሚቀመጡ ሁለት ወንበሮች አንድ ሰው አረፍ እያለ እንዲወጣ ያስችላሉ፤ ወጪያቸውም ጥቂት ነው። አቅማችሁ የሚፈቅድ ከሆነ ግን የእናንተን ቤት አከራይታችሁ በዚያው ግቢ ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ ብትከራዩ ይበልጥ ይጠቅማል። ብዙ ቤተሰብ «የራሳችን ቤት እያለ?» በማለት ይህን ሐሳብ ገና ከመነሻው ይጥለዋል። እኔ ግን ሊፍት በሌለው ሕንፃ ውስጥ ከአንድ አረጋዊ የምንጠብቀው እንቅስቃሴ በአብዛኛው የሚወሰነው በፎቁ ቁጥር ነው ብዬ አምናለሁ።

እንቅስቃሴውን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 መመሪያ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ፣ ቢያንስ ሦስት ቀን ደግሞ የሰውነትን ሚዛን የሚያስጠብቅ ልምምድ ይመክራል። አባትዎ ከዚህ ቁጥር መጀመር የለባቸውም። እጃቸውን ሳያስደግፉ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ጠረጴዛ ይዘው በአንድ እግር ለአፍታ መቆም ለመነሻ በቂ ነው። (ቅዳሴ ቆመው ያስቀድሱ የነበሩ አባቶች «እኔ እኮ ሦስት ሰዓት እቆማለሁ» ይሉኛል። በመቋሚያ ተደግፎ መቆም ጽናት ነው፤ ጡንቻን የሚያጠነክረው ግን ይበልጥ መስገዱና ተመልሶ መነሣቱ ነው፤ ጉልበታቸው ከፈቀደ።)

አሁን ወደ ዕድሩ ልመለስ፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። አባትዎ ሰፈር ሲለቁ የሚሄዱበት ቦታ ብቻ ሳይሆን የሚፈለጉበት ጉዳይም ቀርቶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ 148 ጥናቶችንና ከ308 ሺህ በላይ ሰዎችን ያጠቃለለ ትንተና ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በጥናቱ ዘመን በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከሌሎቹ በ50 በመቶ የላቀ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ማለት እያንዳንዱ ወዳጅ ዕድሜ ይጨምራል ማለት አይደለም፤ ጤነኛ ሰው ወዳጅ ማፍራት ይቀለዋልና። ቢሆንም «ይራመዱ» የሚለውን ልመና ትታችሁ መድረሻ ብትሰጧቸው ይሻላል። በአዲሱ ሰፈር ዕድር ተቋቁሞ ከሆነ ወይም የጋራ ሕንፃው ማኅበር ቃለ ጉባኤ የሚይዝለት ሰው የሚፈልግ ከሆነ ሊቀ መንበሩ ራሱ ቤት ድረስ መጥቶ ይጠይቃቸው፤ ጥያቄው ከልጅ አፍ ከወጣ ማባበል ይመስላል። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ወደ ቀድሞው ቤተ ክርስቲያናቸው አድርሷቸው፤ ከጓደኞቻቸውም ጋር ቡና ይጠጡ። የታክሲው ወጪ እንደ መድኃኒት ወጪ ይቆጠር።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅዎ። ዳቦ የሚገዛው ማን ነው? የጡረታ ገንዘባቸውን ከባንክ የሚያወጣውስ? በእኛ ቤት አክብሮት «አይነሡ፣ እኛ እያለን!» በሚል ይገለጻል፤ ውኃ ይቀርባል፣ ጫማ ይመጣል፣ ገንዘብም ልጅ ይቀበላል። ልጅ በዚህ ይመረቃል፤ አባት ግን በቀን ውስጥ የሚነሣበትን ምክንያት አንድ በአንድ ያጣል፤ ገንዘቡ ከእጁ ሲወጣ ደግሞ የመወሰን ሥልጣኑም አብሮ ይወጣል። ደረጃው ከተስተካከለ በኋላ ዳቦውን ለእሳቸው ተዉላቸው። ባንክም አብረዋቸው ይሂዱ እንጂ ስለ እሳቸው አይሂዱ።

ጥያቄ፦ የ61 ዓመት ሴት ነኝ፤ በቅርቡ ጡረታ ወጥቻለሁ። እናቴ በመርሳት በሽታ ነው ያረፈችው። መስቀለኛ ቃላት መሙላት ከዚህ በሽታ ያድናል ይባላል። እውነት ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ደስ የሚልዎ ከሆነ ይሙሉ፤ ብቻውን ግን አይበቃም። «ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉ ሊስተካከሉ ከሚችሉ 14 ምክንያቶች ጋር የተያያዘ መሆኑን ገምቷል። ከነዚህ ውስጥ በእርስዎ ዕድሜ ቶሎ ሊሠራባቸው የሚችሉት የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ የማየትና የመስማት ችግር፣ እንቅስቃሴ ማነስና ብቸኝነት ናቸው። ጆሮን በተለይ አደራ እላለሁ፤ የመስማት ችግር ያለበት ሰው ጨዋታው ስለሚያመልጠው ከሰው መሸሽ ይጀምራልና። እናትዎ ስለ ታመሙ እርስዎም መታመምዎ አይቀርም ብለው አይደምድሙ።

ጥያቄ፦ እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ግሪን ካርድ አውጥቼላት ልጆቼን ልታሳድግልኝ መጣች። አሁን ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ እሷ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ነች፤ እንግሊዝኛ አትችልም፣ መኪና አትነዳም። «አገሬ መልሱኝ» ትላለች። እዚህ ሕክምናው ይሻላታል ብዬ አስባለሁ። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ በሕክምናው ነገር በመጀመሪያ አንድ እውነታ ይወቁ፦ እናትዎ አሜሪካ ውስጥ ሠርተው ግብር ያልከፈሉ በመሆናቸው ሜዲኬር በተባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን ውስጥ ከፍለው ለመግባት እንኳ በቋሚ ነዋሪነት አምስት ዓመት ያለማቋረጥ መኖር ይጠበቅባቸዋል። እስከዚያ ድረስ ምን ዓይነት መድን እንዳላቸው ካላረጋገጡ፣ «ሕክምናው ይሻላታል» የሚለው ሐሳብ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሊሆን ይችላል።

የብቸኝነቱ መነሻ ግን ግልጽ ነው። እናትዎ አገር ቤት ሳሉ ጎረቤት ሳይጠራ ይገባ ነበር፤ እዚህ የሚያገኙት ሰው ሁሉ በእርስዎ መኪና በኩል ያልፋል። ስለዚህ ያለ እርስዎ የሚሄዱበት አንድ መንገድ ይፈልጉላቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ «ራይድ ኦን» አውቶቡስ አያስከፍልም። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ወይም የሐበሻ መደብር በአንድ አውቶቡስ የሚደርስ ከሆነ፣ መንገዱን ደጋግማችሁ አብራችሁ ሂዱና ከዚያ በኋላ ብቻቸውን ይሂዱ። አማርኛ የሚናገሩ ሠራተኞች ያሉት የአረጋውያን የቀን መዋያ በአቅራቢያችሁ ካለም ያነጋግሩ፤ ክፍያውን ማን እንደሚሸፍን አስቀድመው ይጠይቁ።

አገር ቤት መመለሱን በተመለከተ ውሳኔው የእሳቸው ነው፤ ውሳኔውን ግን የመጨረሻ ማድረግ አያስፈልግም። ለተወሰኑ ወራት ሄደው ከእኅቶቻቸውና ከማኅበራቸው ጋር ቆይተው ቢመለሱ ሁለቱንም ሕይወት አወዳድረው መምረጥ ይችላሉ። ከስድስት ወር በላይ መቆየት ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል፤ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ለመቆየት ካሰቡ ደግሞ የመመለሻ ፈቃዱን ገና አሜሪካ ሳሉ ማመልከት አለባቸው፤ አለበለዚያ ግሪን ካርዱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ፤ የመድኃኒታቸውንም ዝርዝር በጽሑፍ ይያዙ።