ከእሳተ ገሞራ የተወረወሩ ድንጋዮችን በድሮን መመዝገብ፦ ስንት ሜትር ላይ ይበረር?

ሰላም ወንድሜ። «ከፍንዳታ በኋላ የተበተኑትን ድንጋዮች በድሮን ለመመዝገብ ስንት ሜትር ላይ ላብርር? ፎቶው ብቻውን ይበቃል ወይ?» ብለሃል።

ከከፍታው በፊት መቁጠር የምትፈልገውን ትንሹን ድንጋይ ወስን። እኔ አንድ ድንጋይ በወርዱ ቢያንስ አምስት ስድስት ፒክሰል (የፎቶው ትንሿ ነጥብ) ካልሸፈነ አልቆጥረውም። በተለመደው ባለ 20 ሜጋፒክሰል የድሮን ካሜራ 100 ሜትር ላይ አንድ ፒክሰል መሬት ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ15 ሴንቲ ሜትር በታች ያለው ያመልጥሃል ማለት ነው። ባለሙያዎቹ ግን ቆጠራውን የሚጀምሩት ከ64 ሚሊ ሜትር ነው፤ እሱን ለማየት ወደ 40 ሜትር መውረድ ይጠይቃል። ባትሪው ለሁሉም ስለማይዳረስ አካባቢውን በሙሉ ከላይ አነሳና ከእሳተ ገሞራው አፍ ወደ ውጭ በሚዘረጉ ጥቂት መስመሮች ላይ ብቻ ዝቅ እላለሁ። ትንንሹን መናቅ አያዋጣም። በ2014 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ኦንታኬ ተራራ ሲፈነዳ 63 ሰው ሞቷል ወይም ጠፍቷል፤ አብዛኞቹን የመታቸው የተወረወረ ድንጋይ ነው፤ ሰው ለመግደል ደግሞ ጡጫ የሚያህል ይበቃል።

ፎቶው ብቻውን አይበቃም። ድንጋዩ የተገኘበት ቦታ የወደቀበት ላይሆን ይችላል፤ ቁልቁለት ላይ ይንከባለላል፣ ጠንካራ አለት ላይ ይፈረካከስና አንዱ አሥር ሆኖ ይቆጠራል። የፍጥነትና የርቀት ስሌት ልትሠራ ከሆነ ድንጋዩን ትተህ ሲወድቅ የቆፈረውን ጉድጓድ መዝግብ። አመድ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ በዝናብ ስለሚደፈን ቶሎ መብረር ነው። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል፣ ጠዋት ወይም ወደ ማታ፣ ጥላው ጉድጓዱን ያወጣልሃል፤ እኩለ ቀን ላይ ግራጫ በግራጫ ነው።

አዲሱን ከአሮጌው የምትለይበት የቅድመ ፍንዳታ ካርታ ከሌለህ አመዱን እይ፦ የድሮው ድንጋይ አመድ ለብሷል፣ አዲሱ ብዙ ጊዜ ላዩ ላይ ተቀምጧል። ደህና በሆነና በተፈቀደ ቦታ 10 በ10 ሜትር እየከለልክ በእግር ቁጠርና ከፎቶው ጋር አስተያይ። ተራራው ገና ካልተረጋጋ ግን እንዳትገባ፤ ድሮን የተፈለገውም ለዚሁ ነው።

የድሮኑ ኮምፓስ ብረት በበዛበት ጥቁር አለት ላይ ይረበሻል፣ ድሮኑን ከሣጥን ላይ አስነሳው። ከጋዙ በነፋሱ መምጫ በኩል ሁን። ድንጋይ በራሱ የሚለይ ሶፍትዌር ለመነሻ ያግዛል፣ ጥላንም ድንጋይ ስለሚል ግን ውጤቱን በዓይንህ ሳታጣራ ካርታ ላይ አታስፍር።