ጥያቄና መልስ፦ ሩዝና ሽሪምፕ በአንድ ማሳ፣ የኬረላው ፖካሊ

ጋሽ ባሕሩ፦ ስለ ዓሣ እርባታ የተማርኩት ደቡብ ሕንድ፣ ኬረላ ውስጥ ኮቺ ከተማ ነው። ባለፈው የፖካሊን ማሳ በጨረፍታ ባነሳ ጥያቄው በዛ፤ እነሆ ልመልስ። ነገሩ የባሕር ዳርቻ ረግረግ ነው፦ በክረምት ፖካሊ የሚባለው ሩዝ፣ በበጋ ሽሪምፕ፣ ያ ባለ ብዙ እግር ትንሽ የባሕር እንስሳ። “አንድ ሩዝ፣ አንድ ዓሣ” ይሉታል። ዋጋና ትርፍ አትጠይቁኝ፣ ነጋዴ አይደለሁም።

ሰናይት ከዱባይ፦ ጋሼ፣ አብረውኝ የሚሠሩ ኬረላዎች ሩዙ በጨው ውኃ ይበቅላል ይላሉ። እውነት ነው?

ጋሽ ባሕሩ፦ ግማሹ እውነት ነው። ጨው ይችላል እንጂ አይወድም። ሚያዝያ ላይ የሽሪምፑ ወቅት ሲያበቃ ውኃው ይንጣፈፋል፤ መሬቱ ሲጠነክር አፈሩ እየተቆለለ ጉብታ ጉብታ ይሠራል። የሰኔ ዝናብ ጉብታውን ሲያጥበው ጨው ወደ ታች ይወርዳል። ያኔ የጎነቆለ ዘር አናቱ ላይ ይዘራል። ወር ገደማ ሲሆነው ጉብታው ከነችግኙ እየተቆረሰ በማሳው ይበተናል። ማዳበሪያ የለም፣ ፀረ ተባይ የለም። ጥቅምት ላይ ዛላውን ብቻ አጭደው አገዳውን እዚያው ውኃ ውስጥ ይተዉታል። አገዳው ሲበሰብስ የሽሪምፑ ቀለብ ይሆናል፤ የሽሪምፑ ኩስ ደግሞ ለቀጣዩ ሩዝ። ስለዚህ ሩዙን የተወ ሽሪምፑንም ያጣል። ይህን ያዙልኝ።

ዳዊት፦ የሽሪምፑ ጫጩት ከየት ይገዛል?

ጋሽ ባሕሩ፦ በባሕላዊው አሠራር አይገዛም! ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። እንቁላሉ የሚጣለው ባሕር ውስጥ ነው፤ ጫጩቱ በሙላት ጊዜ፣ ማለትም ባሕሩ በየቀኑ ከፍ በሚልበት ሰዓት፣ ከባሕር ጋር ወደተገናኙት ሐይቆች ይገባል። ማሳው ዙሪያውን በአፈር ግድብ ተከቦ የእንጨት የውኃ በር አለው። ባሕሩ ሲሞላ በሩ ይከፈታል፤ ማታ ከሆነ ፋኖስ ይሰቀልበታል፣ ጫጩቱ ብርሃኑን ተከትሎ ይገባል። ባሕሩ ሲሸሽ ውኃው በቀርከሃ ወንፊት እየተጣራ ይወጣል፣ ጫጩቱ ይቀራል። ማጥመዱ ደግሞ በጨረቃ ነው። ጨረቃ ስትሞላና ስትጠፋ የእሷና የፀሐይ ስበት ይደመራል፣ ሙላቱም ሽሽቱም ይበረታል። በእነዚያ ቀናት በሩ ላይ ሾጣጣ መረብ ይታሰርና ውኃው ሲፈስ የደረሰው ሽሪምፕ አብሮ ይወርዳል። ኮቺ ላይ በሙላትና በሽሽት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ያለ ፓምፕ ይህን ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው። የበሩን ወለል ከፍ አድርጎ ያስቀመጠ ሰው ማሳውን በወጉ ማንጣፈፍ አይችልም፤ ካልተንጣፈፈ ጉብታ የለም፣ ጉብታ ከሌለ ሩዝ የለም።

የወረታው ልጅ፦ ጋሼ፣ ፎገራ ላይስ? ሩዝ አለን፣ ጣናም አጠገባችን ነው።

ጋሽ ባሕሩ፦ አይሆንም። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ጨው አልባ ውኃ ነው፤ የሚሞላና የሚሸሽ ባሕር የለውም። ቆሮሶን ከሩዝ ጋር ማርባት ግን ሌላ ነገር ነው፦ ማሳው ዳር ዓሣው የሚሸሸግበት ጥልቅ ቦይ ቆፍር፣ ፀረ ተባይ አትርጭ።

ዲያቆን ታደሰ፦ ሽሪምፕ ክንፍና ቅርፊት የለውም። ለማን ነው የሚረባው?

ሰናይት ከዱባይ፦ ለሕንዶቹ ነዋ! ማን ብላ አለህ?

ዳዊት፦ አምባዛም ቅርፊት የለውም፣ ስንቱ ይበላዋል።

ዲያቆን ታደሰ፦ የሚበላ መኖሩ የተፈቀደ አያደርገውም። በጾም ዓሣ የሚበሉትንስ ምን እንበላቸው?

ዳዊት፦ እንግዲህ ጀመርን።

ጋሽ ባሕሩ፦ ጾሙን ለንስሐ አባቶቻችሁ ተዉት። እዚህ የምናወራው ስለ ውኃ በር ነው።

አስቴር፦ የሽሪምፑ ገንዘብ የሚበልጥ ከሆነ ለምን ዓመቱን ሙሉ እሱን ብቻ አያረቡም?

ጋሽ ባሕሩ፦ የሞከሩ አሉ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ “ነጭ ነጥብ” የተባለው ቫይረስ ሕንድ ገብቶ ኩሬዎችን በቀናት ውስጥ ባዶ አስቀርቷል። ማሳ በየዓመቱ ሲደርቅና በዝናብ ሲታጠብ በሽታውም ፋታ ያጣል። ሁልጊዜ ጨው ውኃ ከተኛበት ግን ጨውም በሽታም ይከማቻል፤ ለጎረቤት ሩዝ ዘሪም ይተርፋል። አሁንም እደግመዋለሁ፦ ሩዙን የተወ ሽሪምፑንም ያጣል። በእርግጥ ሩዙ ለገበሬው ቀላል አይደለም። ማሽን የማይገባበት ጭቃ ነው፤ አጫጆቹ፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ውኃ ውስጥ ቆመው ነው የሚያጭዱት፣ ሠራተኛም እየጠፋ ነው። የፖካሊ ሩዝ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ስሙን ለአካባቢው ምርት ብቻ የሚጠብቅ መለያ ቢያገኝም መለያ ብቻውን አያጭድም።

ሙሉቀን፦ አፋር ላለው ለአሚባራ ጨዋማ መሬትስ?

ጋሽ ባሕሩ፦ የአሚባራ ጨው ከመስኖና ከከርሰ ምድር ውኃ የመጣ ነው፤ የሚያጥበው የሰኔ ዶፍ የለም። ከፖካሊ የተገኘው ጨው የመቋቋም ዘረመል፣ “ሳልቶል” የሚሉት፣ ለአዳቃዮች ይጠቅማል። ዝርዝሩን የሩዝ ተመራማሪ ጠይቅ።

ቢኒ፦ ስለ ዓሣ እርባታ ሙሉ መረጃ ስጡኝ።

ጋሽ ባሕሩ፦ የምን ዓሣ? የት? በምን ውኃ? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

የወረታው ልጅ፦ ጋሼ፣ ጨው ወደ ውኃው ብንጨምርስ? ሽሪምፑ ፎገራ ላይ…

ጋሽ ባሕሩ፦ ሩዝህን ትገድላለህ! ቆሮሶ ብዬሃለሁ። ቦይህን ቆፍር፣ ጥልቀቱን ለክተህ ተመለስ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።