ዝናብ ሳይመጣ ቆርቆሮ የሚነቅል ነፋስ

ጥያቄው ከአዳማ ነው። ጠያቂዋ የሚያሠሩት ቤት ጣራው በግማሽ ተከድኗል፤ በርና መስኮት ገና አልተገጠመም። ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ አንድ ጠብታ ሳይወርድ ነፋስ ተነስቶ ሁለት ቆርቆሮ ነቀለና ጎረቤት ግቢ ጣለው። ስልካቸው የኃይለኛ ነፋስ ማስጠንቀቂያ የሰጠው በማግስቱ ነው። ያን ቀን ደግሞ ቅጠል አልተነቃነቀም። «ስልኩን ልመን ወይስ ሰማዩን?» ይላሉ።

እህቴ፣ ሁለቱንም ይመልከቱ፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ማስጠንቀቂያው የሚወጣው ለሰፊ አካባቢ ነው። ሲያዩት መጀመሪያ መለኪያውን ይለዩ፤ 15 ሜትር በሰከንድ ትንሽ ይመስላል፣ በሰዓት ግን 54 ኪሎ ሜትር ነው። አማካዩን ትተው ድንገት የሚመታውን ከፍተኛ ፍጥነት ይያዙ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በ30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ያገኘውን አንድ ካሬ ሜትር በ4 ኪሎ ገደማ ይገፋል፤ በ60 ሲመጣ ወደ 17 ኪሎ ይደርሳል። እኔ 40 ካየሁ ሠራተኞቼን ቆርቆሮ አላሸክምም።

የእርስዎን ቆርቆሮ የነቀለው ግን የአንድ ደመና ሥራ ይመስለኛል። በትምህርት ቤት ሲረስ፣ ስትራተስ፣ ኩሙለስ እያልን የሸመደድነው እዚህ ላይ ይጠቅማል። ላባ የመሰለው ሲረስ ለዛሬ ሥራ አያሰጋም። ክረምት ላይ ሰማዩን እንደ ብርድ ልብስ የሚሸፍነው ስትራተስም ያረጥባል እንጂ ቆርቆሮ አይነቅልም። ዓይንዎ ኩሙለስ ላይ ይሁን። ጠዋት እንደ ጥጥ ተበታትኖ ሲታይ ችግር የለውም። ቀትር ላይ ቁመቱ ከወርዱ ከበለጠ፣ አናቱም እንደ አበባ ጎመን ከተንዠረገገ፣ መሰላሉ አጠገብ ይሁኑ። አናቱ ተንጣልሎ የአንጥረኛ መስፍ ሲመስል ኩሙሎኒምበስ ሆኗል፤ ያኔ ከጣራ መውረድ ነው። ነጎድጓድ ከሰሙማ ከብልጭታው ወዲህ ስንት ሰከንድ አለፈ ብሎ መቁጠርም አያስፈልግም።

አታላዩ ሌላ ነው። ከደመናው ሥር ዝናቡ እንደ ነጠላ ዘርፍ ተንጠልጥሎ መሬት ሳይደርስ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ሰው «አልፎናል» ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ዝናቡ ግን የጠፋው በደረቁ አየር ውስጥ ተንኖ ነው። ሲተን አየሩን ያቀዘቅዘዋል። የቀዘቀዘው አየር ከብዶ ወደ ታች ይወርድና መሬት ሲመታ በየአቅጣጫው ይፈነዳል። ከሩቅ የአቧራ ግድግዳ ሲመጣ ካዩ፣ ወይም ሞቃቱ አየር ድንገት ፍሪጅ የተከፈተ ያህል ከቀዘቀዘ፣ ያለዎት ጊዜ ደቂቃዎች ብቻ ነው።

ወደ ጣራው እንመለስ። ነፋስ ቆርቆሮን ከላይ ይስበዋል። በር የሌለው ቤት ሲሆን ደግሞ ከውስጥ ሞልቶ ይገፋዋል። ስለዚህ ዛሬውኑ ነፋስ በሚበዛበት በኩል ያለውን መስኮት በጣውላ ይዝጉ። መጀመሪያ የሚነሱት ማዕዘኑና ዳር ዳሩ ናቸው፤ ሚስማሩም እዚያ ይብዛ። ጎማ ያለው ሚስማር የሞገዱ አናት ላይ ይመታ፣ ብሎን ቢሆን ይመረጣል። ድርቡ አፉን ነፋሱ ወደሚመጣበት አይክፈት። ሚስማሩ ጠንክሮ ማገሩ ከወራጁ፣ ወራጁም ከግድግዳው በደንብ ካልታሰረ ግን ጣራው እንዳለ ይሄዳል። ድንጋይ መጫኑን እርሱት፤ ኃይለኛ ነፋስ ሲመጣ ድንጋዩም አብሮ ይወርዳል።

ተነቅለው የወደቁትን ሁለት ቆርቆሮዎች ዳር ላይ መልሰው አያስመቷቸው፤ ቀዳዳቸው ሰፍቷል። ለዶሮ ቤት ይበቃሉ።