የቦካ እንጀራ እየበላሁ የፕሮባዮቲክ ክኒን ያስፈልገኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም ዝግጅት ክፍሎች። የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኝቶብኝ የ14 ቀን መድኃኒት ታዞልኝ ጨርሻለሁ። ጨጓራዬ ተሽሎታል፣ ግን ከዚያ ወዲህ ሆዴን ይነፋኛል፤ አንድ ቀን ያስቀምጠኛል፣ አንድ ቀን ያደርቀኛል። አሜሪካ ያለችው እህቴ ፕሮባዮቲክ የሚባል ክኒን ላከችልኝ። እናቴ ደግሞ «በየቀኑ የቦካ እንጀራ እየበላሽ ምን ክኒን ያስፈልግሻል?» ትለኛለች። ማንን ልስማ? (አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህታችን፣ እናትሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። የቦካ ሊጥ ውስጥ እርሾና የላቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ሞልተዋል፤ ግን ምጣዱ ይጨርሳቸዋል። ፕሮባዮቲክ የሚባሉት በሕይወት እያሉ፣ በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለጤና የሚጠቅሙ ተህዋሲያን ናቸው። አይብም እሳት ስለሚነካው ያው ነው። እርጎ ግን ሳይሞቅ ስለሚጠጣ ባክቴሪያዎቹ ሕያው ናቸው። ብቻ ካልፈላ ወተት የረጋውን አደራ አትጠጪ፣ ብሩሴሎሲስና የከብት ቲቢ የሚተላለፉት በዚያ ነው። ወተቱን አፍልተሽ ለብ ሲል ትንሽ የታሸገ እርጎ ጨምረሽ እንዲረጋ ተይው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የወሰድሽው አንቲባዮቲክ የጨጓራውን ባክቴሪያ ብቻ ለይቶ አይመታም፤ አንጀትሽ ውስጥ የሚኖሩትን ጠቃሚዎቹንም ይጎዳል። የተረፉት እንዲያገግሙ ቀለብ ይፈልጋሉ፣ ፕሪባዮቲክ የምንለው ይህንን ቀለብ ነው። ቀይና ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ያለው ኢኑሊን፣ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ውስጥ ያሉት አንዳንድ ስኳሮች ትንሹ አንጀት ላይ አይፈጩም። እንዳሉ ትልቁ አንጀት ሲደርሱ ባክቴሪያዎቹ ያብላሏቸውና አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት የተባሉ አሲዶች ይሠራሉ። ቡቲሬት የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ዋና የጉልበት ምንጭ ነው። ፕሮፒዮኔት አብዛኛው ወደ ጉበት ይሄዳል። አሲዶቹ አንድ ላይ ሆነው አካባቢውን ስለሚያኮመጥጡት ብዙ ጎጂ ጀርሞች አይመቻቸውም። ይሄ ሁሉ ከሽሮና ከምስር ወጥ ይገኛል፤ የጾም ምግባችንን እንደ ድሃ ምግብ ማየት በጣም ያሳዝነኛል።

ግን ተጠንቀቂ፣ ሲብላላ ጋዝም ይወጣል። አሁን ሆድሽን እየነፋሽ ስለሆነ በትንሹ ጀምሪና በሳምንታት ውስጥ ጨምሪ፤ ባቄላና ሽምብራውን አሳድረሽ የዘፈዘፍሽበትን ውኃ ድፊው።

ክኒኑስ? ፕሮባዮቲክ የተሻለ ማስረጃ ያለው ከአንቲባዮቲኩ ጋር አብሮ ሲወሰድ ተቅማጥን በመከላከል ነው፣ አንቺ ደግሞ ጨርሰሻል። እንዲያውም እስራኤል ያለው የዋይዝማን ተቋም በ2018 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ትንሽ ጥናት፣ ከአንቲባዮቲክ በኋላ ፕሮባዮቲክ የወሰዱት ሰዎች የራሳቸው ባክቴሪያዎች ወደ ቦታቸው የተመለሱት ምንም ካልወሰዱት ዘግይተው ነበር። በአንድ ጥናት ብቻ ባይፈረድም፣ እኔ አንቺን ብሆን ክኒኑን አልጀምረውም። የመከላከል አቅሙ በጣም የደከመ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ያለ ሐኪም ፈቃድ እንዳትሰጪው፣ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናትም እንዲሁ።

ሰገራሽ ላይ ደም ካየሽ፣ ካተኮሰሽ ወይም ከከሳሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ታከሚ። ባክቴሪያው መጥፋቱንም አረጋግጪ፦ መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ በሰገራ ወይም በትንፋሽ ምርመራ ነው የሚታወቀው። ኦሜፕራዞል የተባለውን የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ከምርመራው 2 ሳምንት ቀደም ብሎ ስለማቆም ሐኪምሽን ጠይቂ። በደም ምርመራ እንይልሽ ካሉሽ እሺ አትበዪ፣ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ይችላል።