ከፍዬ ያሠራሁት ዘፈን የማን ነው?

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች የመጡት አሜሪካ ካሉ አንባቢዎች ስለሆነ መልሶቹም በዚያው አገር ሕግ ናቸው፤ ዓመቶቹም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከሰው ዘፈን ሰባት ሰከንድ መውሰድ አያስጠይቅም ይባላል፤ እውነት ነው?

አይደለም። ሕጉ የሰከንድ ልክ የለውም።

አንዲት ድምፃዊት፦ ለአቀናባሪው ሙሉ ሒሳቡን ከፈልኩት፤ አሁን ያንኑ ቅንብር ለሌላ ሸጠው። ከፍዬ የለም እንዴ?

ለሥራው ከፍለዋል፤ መብቱን ግን አልገዙም። እባካችሁ ይህን ዘፋኝ ሁሉ ያንብበው። በዋሽንግተን ቤት ለሌላቸው ሰዎች የሚሟገት ድርጅት ለአንድ ቀራጺ ከፍሎ ሐውልት አሠራና "የእኔ ነው" አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1989 ዝርዝሩን አየ፦ ቀራጺው የሠራው ባልቲሞር በራሱ ስቱዲዮ፣ በራሱ መሣሪያ ነው፤ የደመወዝ ግብርም አልተቆረጠለትም። ተቀጣሪ ስላልሆነ ሥራው በቅጥር የድርጅቱ አይሆንም ተባለ። በራሱ ቤት፣ በራሱ ኪቦርድ የሚሠራ አቀናባሪም ያው ነው። ያለ ጽሑፍ ቢበዛ የሚያገኙት ዘፈኑን የማውጣት ፈቃድ ነው፤ ለሌላ እንዳይሸጥ አያግደውም። "በቅጥር የተሠራ" የሚል ወረቀት ብቻም አያስተማምንም፤ ተቀጣሪ ላልሆነ ሰው ይህ ወረቀት የሚሠራው ሕጉ ለዘረዘራቸው ዘጠኝ የትእዛዝ ሥራዎች ብቻ ነው፤ ከእነሱ መካከል የድምፅ ቅጂ በስም የለም። ስለዚህ ቀሪው ሒሳብ ከእጅዎ ሳይወጣ፣ የዘፈኑን ርዕስ ጠቅሶ "የቅንብሩንና የቅጂውን መብት በሙሉ አስተላልፌያለሁ" የሚል ወረቀት ይፈርምልዎ። የቴሌግራም የድምፅ መልእክት አይተካውም። የእርስዎን ጉዳይ ጠበቃ ይየው።

ግጥምና ዜማዬን በፖስታ አሽጌ ለራሴ ልኬዋለሁ፤ መብቴን ለማስከበር ይበቃል?

አይበቃም። መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ለወጣ ሥራ ክስ ከመመሥረትዎ በፊት በአገሪቱ የቅጂ መብት ቢሮ ምዝገባው ማለቅ አለበት፤ ማመልከቻ ማስገባት ብቻ እንደማይበቃ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 በሙሉ ድምፅ ወስኗል። አንድ ሰው ብቻውን የሠራው አንድ ሥራ በኢንተርኔት ሲመዘገብ 45 ዶላር ነው። በወጣ በሦስት ወር ውስጥ ካስመዘገቡት፣ ኪሳራዎን በደረሰኝ ሳያስረዱ ለአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር ሊፈረድልዎ ይችላል።

ትዝታዬን ሰረቀኝ።

ቅኝቱን ከሆነ የማንም አይደለም፤ ባቲም አምባሰልም እንዲሁ። በ2024 እንግሊዛዊው ዘፋኝ ኤድ ሺራን የተከሰሰበት ይግባኝ የወደቀውም የተለመደ የኮርድ ቅደም ተከተልና ምት የአንድ ሰው ንብረት ስለማይሆን ነው። የራስዎን ዜማ ከወሰደ ግን ሌላ ነገር ነው።

ቪዲዮዬ "መብቴን ነካ" ባለ ሰው አቤቱታ ከዩቲዩብ ተነሣ፤ የመቃወሚያ ቅጹን ልሙላ?

ብቻዎን እንዳይሞሉ! በሐሰት ቢምሉ የሚያስቀጣ ፊርማ አለበት፤ በፌዴራል ፍርድ ቤት ለመዳኘትም ተስማምተው ነው የሚልኩት። ያስነሣው ሰው ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልከሰሰ ቪዲዮው ይመለሳል፤ ከከሰሰ ግን ተከሳሹ እርስዎ ነዎት። መጀመሪያ ጠበቃ፣ ቅጹ ከዚያ በኋላ። በዋሽንግተን አካባቢ ለአርቲስቶች የሚሠራ የጠበቆች ማኅበር አለ፤ ይደውሉለት።