ሸሪኬ ሂሳቡን አላሳይም አለኝ፣ ዴላዌር ልክሰሰው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ከአብሮ አደጌ ጋር ግማሽ በግማሽ ሆነን ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ካምፓኒ) አቋቁመን አንድ ሕንፃ ገዛን። ሰው ሁሉ "ዴላዌር ይሻላል" ስላለን እዚያ አስመዘገብነው። ለባንኩ ብድር ሁለታችንም በግላችን ዋስ ሆነን ፈርመናል። ኪራዩን የሚሰበስበው እሱ ነው፣ የባንክ ስቴትመንቱም እሱ ጋር ነው፤ እንተሳሰብ ስለው "አታምነኝም እንዴ?" ብሎ ያኮርፋል። ሽማግሌ ገብቶም አልሆነም። ያ ኢሎን ማስክ የተከሰሰበት የዴላዌር ፍርድ ቤት የእኛን ነገር ያያል? ወይስ እዚሁ ልክሰስ?

መልስ፦ ያያል፣ ወንድሜ። የካምፓኒ የውስጥ ጉዳይ፣ ማለትም ማን ምን ሥልጣን አለው፣ ሸሪክ ለሸሪኩ ምን ግዴታ አለበት የሚለው፣ የሚዳኘው በተመዘገበበት ስቴት ሕግ ነው። ሜሪላንድ ቢከሱም ዳኛው የሚገልጠው የዴላዌርን ሕግ ነው። ተከራይ ኪራይ ቢያስቀርባችሁ ግን እሱ የሰፈራችሁ ፍርድ ቤት ጉዳይ ነው።

ማስክ የተከሰሰበት ፍርድ ቤት፣ የዴላዌሩ ቻንስሪ ኮርት፣ በፈረንጆቹ ከ1792 ጀምሮ ያለ ነው። ጁሪ፣ ማለትም ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች፣ የለውም። ዳኛው ራሱ ሰምቶ፣ ለምን እንደዚያ እንደወሰነ በሰፊው አብራርቶ ይጽፋል። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይኼ ጽሑፍ ነው፤ ብዙ ጠብ ችሎት ሳይደርስ የሚያልቀው ጠበቃው የቀድሞ ውሳኔዎችን አንብቦ ደንበኛውን "አያዋጣህም" ስለሚለው ነው። ማስክ በ2022 ትዊተርን አንዱን ሼር በ54.20 ዶላር ልግዛ ብሎ ፈረመ፣ ከዚያ ትቼዋለሁ አለ፣ ትዊተር እዚያ ከሰሰው፣ ችሎቱ ለጥቅምት ተቀጥሮ ሳለ በፈረመበት ዋጋ ገዝቶ ጨረሰ።

አሁን ወደ እርስዎ። መጀመሪያ ኦፐሬቲንግ አግሪመንታችሁን፣ ማለትም ካምፓኒው የሚተዳደርበትን የሸሪኮች ስምምነት፣ አውጥተው ያንብቡ። ከኢንተርኔት የወረደ ባለ ሁለት ገጽ ቢሆንም ያንብቡት። የዴላዌር ዳኞች የተፈረመውን እንደ ተጻፈ ነው የሚያስፈጽሙት፣ አሁን ቢቆጨንም አዲስ ውል አይጽፉልንም። ከዚያ ሂሳቡን በደብዳቤ ይጠይቁ። በቴሌግራም አይሆንም። ሕጉ አባል መዝገብ እንዲያይ መብት ይሰጣል፣ ግን ምክንያት ይፈልጋል፤ "አላመንኩትም" ብቻ አይበቃም። "ኪራዩ የት እንደገባ ማጣራትና የድርሻዬን ዋጋ ማወቅ እፈልጋለሁ" ይበሉ፣ የሚፈልጉትን ስቴትመንት፣ የኪራይ ውልና የታክስ ፋይል አንድ በአንድ ይጥቀሱ። ስምምነታችሁ ሌላ ቀን ካልወሰነ በቀር በ5 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ካጡ ቻንስሪ ኮርት መሄድ ይችላሉ።

እንለያይ ካላችሁም የእናንተን የሚመስል ጉዳይ አለ። ቤተኒ ቢች በምትባል የዴላዌር የባሕር ዳር ከተማ ሁለት ጓደኛሞች አንድ የዓሣ ሬስቶራንት አብረው ያስኬዱ ነበር። ሬስቶራንቱ የአንደኛው ነው፣ መሬቱ ግን ግማሽ በግማሽ የያዙት ኤልኤልሲ ነው። ተጣሉ። አንዱ መሬቱ ይሸጥ ሲል ባለ ሬስቶራንቱ እምቢ አለ፣ በድሮው ኪራይ ተመቻችቶ ሥራውን ቀጠለ። ወረቀታቸው ላይ መውጫ ነበር፤ የሚወጣው ሰው ድርሻው ተገምቶ ይከፈለዋል ይላል። ፍርድ ቤቱ ግን በ2004 ይኼ መውጫ አይበቃም አለ። ለምን? ሰውየው ገንዘቡን ተቀብሎ ቢወጣም ለመሬቱ ብድር የፈረመው የግል ዋስትና አንገቱ ላይ ይቀራላ! ካምፓኒው ይፍረስ ተባለ።

እርስዎም በግልዎ ፈርመዋል። ስለዚህ ለጠበቃዎ መጀመሪያ የሚያሳዩት የባንኩን ወረቀት ይሁን። ይፍረስልኝ የሚል ክስ ግን በቀላሉ አይሳካም፤ ዳኞቹ የሚፈቅዱት በስምምነቱ መሠረት ሥራውን ማስኬድ በተግባር የማይቻል ሲሆን ነው። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ከገቡ "ታረቁ" ብለው ብቻ እንዳይሄዱ። ሕንፃውን የሚያስቀረው ሰው የሌላውን ዋስትና ከባንኩ እንዲያስለቅቅ በጽሑፍ ያስፈርሙ።

ጥያቄ፦ ዳላስ ነኝ። አንድ የምግብ አምራች ድርጅት ቦርድ ውስጥ ግባ ተባልኩ። "ቦርድ ስም ብቻ ነው" ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። እዚያው ቴክሳስ ያለውን የብሉ ቤል አይስክሬም ጉዳይ ያንብቡ። በ2015 ምርቱ ሊስቴሪያ በሚባል ባክቴሪያ ተበክሎ 3 ሰው ሞተ። የቦርዱ ቃለ ጉባኤ ሲታይ ስለ ምግብ ደኅንነት በየጊዜው የተነጋገሩበት ነገር የለም። ኩባንያው የተመዘገበው ዴላዌር ስለነበር የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 የታችኛውን ፍርድ ቤት ውሳኔ ሽሮ በቦርድ አባላቱ ላይ የቀረበው ክስ ይቀጥል አለ። የእርስዎም ድርጅት ዴላዌር ከተመዘገበ፣ ከመፈረምዎ በፊት ያለፉትን ቃለ ጉባኤዎች ይጠይቁ። የብክለት ምርመራ ውጤት ለቦርዱ የሚያቀርበው ማን ነው? በየስንት ጊዜው? መልስ ከሌለ አይግቡ።